ገላውን ነው እንጂ ልብሱን አይለካም

እትዬ ዘርፌ ከሰፈራችን ከሄዱ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ባለፈው ቅዳሜ የናዝሬት አውቶቡስ ረዳት አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣና የአባዬ ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ «ሰናይት የምትባል ልጅ እዚህ ናት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ተቀበይኝና ነፃ አውጪኝ! ምን ዓይነት ሴትዮ ናቸው በእናትሽ? ሐሙስ ዕለት መናኸሪያ መጥተው ከወንበሬ ሥር ያለውን ቦታ በሜትር ለኩ። ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። እኔ ከመንግሥት የመጡ መስሎኝ ሌሊቱን ስጨነቅ አደርኩ። በነጋታው ይህን ካርቶን ይዘው ከች አሉ። ስገፋው ከወንበሩ ሥር ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አልቀረም!»

እኔ ሳቅሁ። አባዬም ከውስጥ ሳቀ። እትዬ ዘርፌ ደህና ናቸው፤ ናዝሬት ሆነውም መለካታቸውን አላቆሙም ማለት ነው።

ስለ እርሳቸው ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ስለማትረሱት ሰው ጻፉ ስንባል የክፍሌ ልጆች ግማሾቹ ስለ ሒሳብ አስተማሪያችን ጻፉ። (ማርክ ፈልገው ነው፤ ሒሳብ አስተማሪያችንን እኮ መርሳት ነው የሚፈልጉት።) እኔ ግን ወረቀቱን ገና ሳልይዝ እትዬ ዘርፌ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው መጡብኝ።

እትዬ ዘርፌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከአባዬ ሱቅ ሦስት በር ራቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። በልጅነቱ ዩኒፎርም የሰፉለት ሰው አድጎ፣ ወልዶ፣ የራሱን ልጅ እጁን ይዞ ያመጣላቸው ነበር። አጭር ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፤ ቢጫ የጨርቅ ሜትራቸው እንደ ማተብ ከአንገታቸው አይወርድም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ በነጠላቸው ሥር ጫፉ ብቅ ይላል።

ሰውን የሚያስታውሱት በስሙ አይደለም፣ በፊቱም አይደለም። በልኩ ነው። መንገድ ላይ አንዱ ሰላም ሲላቸው መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ትከሻውን ያዩና፣ «ውይ! አንተ ነህ እንዴ!» ብለው ያቅፉታል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት ጭንቅላታቸው ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል። ግን ለማንም አይናገሩም። አንዴ አንዲት ጎረቤታችን የሌላዋን የወገብ ልክ በዘዴ ልትጠይቃቸው ሞክራ ነበር። እትዬ ዘርፌ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ስሚ የኔ እህት፣ ልብስ ሰፊ ማለት የሰው ገላ አይቶ ዝም የሚል ነው። ሐኪምም እንደዚያው ነው። ልዩነታችን እሱ ታመሃል ይላል፣ እኔ አምሮብሃል እላለሁ።»

የአባዬን የሰርግ ሱፍ የሰፉት እርሳቸው ናቸው። አባዬ ቁጡ ነው፤ ይህን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድምፁ ከፍ ማለት ሲጀምር እትዬ ዘርፌ ቀና ብለው፣ «ታዴ፣ የሰርግህን ጊዜ የወገብህን ልክ ልናገር? ከዛሬው ጋር?» ይሉታል። አባዬ ወዲያው ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ድምፁም አብሮ ይገባል። ቁጥሩን ግን አንድም ቀን ተናግረውት አያውቁም።

ታዲያ ዓይናቸው ደከመ። የመርፌ ቀዳዳ አልታይ አላቸው። ክር ለማስገባት በር ላይ ቆመው መንገደኛ መጥራት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ አስቁመው መርፌውን አስይዘውታል፤ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ክሩን አስገብቶላቸው ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። እንዲህ እየተደረገ ግን ብዙ አይኬድም። ሱቃቸውን ዘጉ። ናዝሬት ያለችው ልጃቸው «እኔ ጋ ነይ» ብትላቸው፣ «ሥራ ፈትቼ የሰው ሳሎን ጥግ ላይ አልቀመጥም፣ የልጄም ቢሆን» ብለው እምቢ አሉ።

ከዚያ አንድ ቀን አባዬ ሱቅ መጡ። አባዬ የጽሕፈትና የስቲከር ሥራ ነው የሚሠራው። አንድ ኮምፒውተር አለን፤ ትልቅ፣ ከኋላው ጎባጣ የሆነ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ። የሚሠራበት ልጅ በዚያው ሰሞን ትቶን ሄዶ ነበር።

«ታዴ፣ ይሄ ኮምፒውተር የምትሉት ነገር መርፌ አለው?» አሉ።

«የለውም እትዬ ዘርፌ።»

«ክር ይገባበታል?»

«አይገባበትም።»

«እንግዲያው እችለዋለሁ።»

አባዬ እንዴት እምቢ ይበል? የሰርግ ሱፉን የሰፉለት ሴት ናቸው። ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና፣ «እሺ፣ እስከ መስቀል እንሞክረው። እስከ መስቀል ካልሆነ ግን እትዬ ዘርፌ፣ አይቀየሙኝ» አለ። በማግስቱ የድሮ የስፌት ወንበራቸውን ትራስ ይዘው መጥተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ያቺን ወንበር እንዴት እንደፈለጓት ትራሷን ሲያስተካክሉ ያየ ሰው ያውቃል።

አስተማሪያቸው እኔ ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምት ላይ ነበርኩ። የሁለት ወር የኮምፒውተር ኮርስ ወስጄ ሰርተፍኬቴን አባዬ በመስታወት አስደርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። የዚያን ጊዜ ኩራቴን ብትለኩት ሜትር አይበቃችሁም።

የመጀመሪያው ቀን በሥዕል ፕሮግራሙ አንድ አራት ማዕዘን ሳልኩላቸው። «ይኸውልዎት፣ ከላይ ቁጥሩ ይታያል። ወርዱ ስልሳ ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ አርባ» አልኳቸው። እርሳቸው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ስክሪኑ ላይ ዘረጉ።

«ሃያ አንድ ሳንቲ ሜትር» አሉ። «ይሄ ዕቃ ይዋሻል።»

«አይዋሽም፤ አጉልተን ስለምናየው ነው» ብዬ አሳነስኩት። «አሁንስ?»

ለኩ። «ዘጠኝ። ከላይ ያለው ቁጥር ግን አሁንም ስልሳ ነው የሚለው!» አሉና ሜትሩን መልሰው አንገታቸው ላይ ጣሉ። «ገባኝ። ሰውዬው ሲቀርብ ገዘፍ ይላል፣ ሲርቅ ያንሳል። ወገቡ ግን ያው ወገቡ ነው።»

እኔ ይህን ለመረዳት ኮርስ ላይ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። አልነገርኳቸውም።

ነሐሴ ሲያልቅ ኦቦ ዳባ መጡ። ኦቦ ዳባ ከፉሪ በኩል የሆኑ ገበሬ ናቸው፤ ማራቸውን እስከዚያን ጊዜ በቆርቆሮ ነበር የሚያወርዱት። አሁን ግን ልጆቻቸው ባዛር ላይ ቦታ ይዘውላቸው፣ ማሩን በትናንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሊሸጡ ነው። አንዱን ዕቃ ከኮታቸው ኪስ አወጡት። ሆዱ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ገባ ያለ ቦታ አለው።

«ስሜ የተጻፈባት ወረቀት እዚህች ጉድጓድ ውስጥ ትተኛለች» አሉ። «ዳሯ ላይ ጥቁር መስመር ይዞራታል። ወፍራም ይሁን! ቀጭን መስመር የሚያሠራ ሰው ማሩም ቀጭን ነው።»

እትዬ ዘርፌ ጉድጓዱን ለኩ፤ ስልሳ በአርባ። ሁለት መቶ ስቲከር፣ ለቅዳሜ ባዛር፣ ሐሙስ የሚረከቡት። እትዬ ዘርፌ ማውሱን ሊይዙ ሲሉ እኔ ቀደምኳቸው። «ይህን እኔ ልሥራው» አልኩ። ስልሳ ጻፍኩ፣ አርባ ጻፍኩ፣ የመስመሩን ውፍረት አራት ሚሊ ሜትር አደረግኩ። ጥቁር፣ ደማቅ፣ የሚያምር ክፈፍ ሆነ። መሃሉ ላይ የኦቦ ዳባን ስም አስገባሁ።

«ቆይ ሰኒ» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ስልሳው ከነመስመሩ ነው ያለመስመሩ?»

«እትዬ ዘርፌ፣ ስልሳ ካልኩት ስልሳ ነው። ኮምፒውተር እኮ አይሳሳትም!»

ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ድምፄ ራሱ የኮርስ አስተማሪዬን ድምፅ ነበር የሚመስለው።

አተምን። እትዬ ዘርፌ ሁለት መቶውንም በጥቁሩ መስመር የውጭ ጠርዝ ላይ በመቀስ ቆረጧቸው። መቀስ ላይ ዓይን አያስፈልጋቸውም፤ እጃቸው ያያል።

ሐሙስ ኦቦ ዳባ የማር ዕቃዎቻቸውን በማዳበሪያ ሞልተው በአህያ ጭነው መጡ። አንዱን ስቲከር ልጠው ጉድጓዱ ላይ አስቀመጡት። ዳር ዳሩ ከጉድጓዱ ወጥቶ ከንፈሩ ላይ ተንጠለጠለ። በአውራ ጣታቸው ጫኑት፤ ጥጉ ተመልሶ ቆመ። ሁለተኛውን ሞከሩ። እሱም ጆሮውን አቆመ። ሦስተኛው ላይ ደርሰው ቀና አሉ።

«ምነው ልጄ? ማሬ ገና ሳይሸጥ ልብሱ ሰፋው እንዴ?»

አባዬ ከጓሮ መጣ። አንዱን አንሥቶ አየ፣ ሌላውን አየ። ያ የስቲከር ወረቀት ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ጠፍቶ ነበር፤ የቀረን ለአንድ ዙርና ለጥቂት ሙከራ የሚበቃ ብቻ ነው። ፊቱ ቀላ።

«እትዬ ዘርፌ! ስልሳ በአርባ ማለት ምን ይከብዳል? በዚያ ሜትርዎ ስክሪን እየለኩ ነው አይደል የሠሩት? ብዬ ነበር እኮ! ይሄ ልብስ ስፌት አይደለም ብዬ ነበር!»

ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እርሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ የሠሩት እርሳቸው ናቸው ብሎ ነው። እኔ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። አፌን ከፈትኩ። የሰርተፍኬቴ መስታወት ከአባዬ ጭንቅላት በላይ ሲያብለጨልጭ አየሁ። አፌን ዘጋሁ።

እትዬ ዘርፌ ዞረው አዩኝ። ፊቴን ሳይሆን ትከሻዬን። ትከሻዬ በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ እርሳቸው በሚሊ ሜትር ያውቃሉ። ከዚያ ወደ አባዬ ተመለሱ። አሁን የወገቡን ነገር ያነሡበታል ብዬ ስጠብቅ፣ አላነሡም። እንደተጎዱ ያወቅሁት ያኔ ነው።

«እስከ ነገ ስጠኝ ታዴ» ብቻ አሉ።

«ነገ ካልሆነ መስቀልን አንጠብቅም» አለ አባዬ። ኦቦ ዳባንም ነገ ጠዋት ይምጡ አላቸው።

መጀመሪያ ግን አባዬ ራሱ ሞከረው። እስኪሪብቶ ከጆሮው አውጥቶ አሰላ። «መስመሩ አራት ነው። በግራ አራት፣ በቀኝ አራት፣ ስምንት። ከስልሳ ላይ ስምንት ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት። ከአርባ ላይ ስምንት ሲቀነስ ሠላሳ ሁለት። በቃ! ይሄ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።» አንድ ወረቀት አትሞ፣ አንዱን ቆርጦ፣ ኦቦ ዳባ ትተውት በሄዱት ዕቃ ላይ ለጠፈ። አሁን ደግሞ ስቲከሩ በጉድጓዱ ውስጥ ዋኘ። የታላቅ ወንድሙን ካፖርት የለበሰ ሕፃን ነው የሚመስለው። አባዬ ማተሚያውን በጥፊ መታውና ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ስመጣ እትዬ ዘርፌ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ ሦስት አራት ማዕዘን ስለዋል፤ አንዱ ቀጭን መስመር፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ እንደ ኦቦ ዳባ የወፈረ።

«እዪልኝ ሰኒ፣ ሦስቱንም ስጫናቸው ከላይ ስልሳ በአርባ ነው የሚለኝ። ይሄኛው እኮ በግልጽ ወፍሯል! እዚህ የትናንቱ ወረቀት ላይ ስለካው ደግሞ ስልሳ አራት ነው። ማን ነው የሚያሾፍብኝ?»

ከዚያ ሌላ ቁልፍ እነካለሁ ብለው አንዱን ነገር ተጫኑ። ወፍራሙ ጥቁር መስመር ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ባዶ መስመር ብቻ ቀረ። እትዬ ዘርፌ ጮኹ።

«በስመ አብ! ራቁቱን አስቀረሁት!»

ብለውም አልቀሩ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈው ስክሪኑን ሸፈኑት።

እኔ በሳቅ ወለሉ ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። «እትዬ ዘርፌ፣ ምንም አልሆነም! መስመሩን ያለውፍረቱ ማሳያ ነው፤ ኮርስ ላይ አይቼዋለሁ።» እርሳቸው ግን እየሳቁ አልነበረም። ነጠላውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ። ቀስ ብለው ሙሉውን አወረዱት።

«ነይ እዪ» አሉኝ በለሆሳስ። «ሦስቱም አንድ ገላ ናቸው።»

እውነትም ሦስቱ አራት ማዕዘኖች አሁን አንድ ዓይነት ነበሩ። ቀጭኑና ወፍራሙ አይለዩም።

«ይሄ ኮምፒውተር የሚለካው ገላውን ነው እንጂ ልብሱን አይደለም! ስልሳ ያልሽው ገላው ነው። ልክ ነሽ፣ ገላው ስልሳ ነው። ከዚያ ካፖርት አለበስሽው። ካፖርቱን ማንም አልለካውም። በር ላይ ሲደርስ ታዲያ ጎኑ ተጣበቀ።»

«አባዬስ የካፖርቱን ውፍረት ቀንሶ የለ? ለምን አነሰ?»

«አባትሽ ካፖርቱ በሙሉ ከገላው ውጭ ያለ መስሎት ነዋ!» ወፍራሙን መስመር መልሰው አመጡና በእርሳስ ጫፍ አሳዩኝ። «ይሄ ካፖርት ሳይሆን ስፌት ነው። እኔ ጨርቅ ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። ክሩ የሚሄደው በጠመኔው ላይ ነው፤ ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ። አራቱ ሚሊ ሜትር ሁለቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሁለቱ ወደ ውጭ ወጥቷል። ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ። ሃምሳ ስድስት ብለሽ ጻፊ። ቁመቱን ሠላሳ ስድስት።»

«እርስዎ ይጻፉት» አልኩ። ኪቦርዱን ወደ እርሳቸው ገፋሁት።

በአንድ ጣታቸው አምስትን ፈለጉ፣ ስድስትን ፈለጉ። አንድ ወረቀት አተሙ። አንዱን ቆረጡ። ዕቃው ላይ ሊለጥፉት ሲሉ ኦቦ ዳባና አባዬ አብረው በሩን ገቡ። እትዬ ዘርፌ ስቲከሩን ለኦቦ ዳባ ሰጧቸው፤ ጥፋቱን ያየ ዓይን ልኩንም ይየው ብለው መሰለኝ።

ኦቦ ዳባ ስቲከሩን ጉድጓዱ ላይ አስተኙት። አውራ ጣታቸውን በዳሩ ዙሪያ አዞሩት። አንዴ። ሁለተኛ አዞሩት።

«ኤዬ!» አሉ። «ተኛች! እንደ ልጅ ተኛች!»

አባዬ ዕቃውን ተቀብሎ አየ። በጥፍሩ ጥጉን ሊያነሣ ሞከረ፤ አልተነሣም። አንገቱን አሸት አሸት አደረገ።

«እትዬ ዘርፌ... መስቀልን አንጠብቅም» አለ።

እትዬ ዘርፌም ትራሳቸውን ያዙ።

«ምን ያስጠብቀናል? ወንበሩ የእርስዎ ነው ማለቴ ነው!»

«ወንበሩማ ወደ ግራ ያዘነብላል» አሉት። «ከሥሩ አንድ ነገር አድርግበት። ማነው ይህን ልክ ያስተማረዎት እንዳትለኝ ደግሞ፤ የሠላሳ ዓመት ጠመኔ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን ተጠጋኋቸው። «ያንን ስልሳ በአርባ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ለአባዬ ልንገረው?»

ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። «እኔ ያየሁትን ለሰው አልናገርም። አንቺ መናገር ስትፈልጊ ትናገሪያለሽ። ገላው ያንቺ ነው።»

አልነገርኩም። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ አለፈ፣ ትምህርት ተከፈተ።

እትዬ ዘርፌ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ወንበር ይዘው ሠሩ። አባዬም ትምህርቱን ከእርሳቸው በደንብ ስለያዘ፣ ስቲከር ሊያሠራ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ገላውን ልለካልዎት ወይስ ከነልብሱ?» ብሎ ሆነ። አንዲት የተከበሩ እመቤት ይህን ሰምተው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጥተዋል፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

ከዚያ ናዝሬት ያለችው ልጃቸው መንታ ወለደች። እትዬ ዘርፌ ወሬውን የሰሙ ዕለት ሥራቸውን አቋርጠው ተነሡ። «ልካቸውን የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ቤተሰቤ ውስጥ ገብተዋል» አሉ። ትራሳቸውን ይዘው ሄዱ። አሁን እዚያ አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ኮምፒውተሩን የያዙት እርሳቸው ናቸው። ሳሎን ጥግ አልተቀመጡም።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። ውስጡ የዩኒፎርም ቀሚስ ነበር። ከላዩ ላይ አንድ ወረቀት በስፒል ተይዟል፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ለዓይናቸው እንዲመች።

«ሰኒዬ፣ ልክሽን ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት። አድገሽ ይሆናል ብዬ በጎኑ ትርፍ ጨርቅ ትቻለሁ፤ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ። ክሩን የምታስገባልኝ የጎረቤት ልጅ ሰላም ብላሻለች። ያንን ነገር ለአባትሽ ነገርሽው? ካልነገርሽውም ግድ የለም። እኔ ጋ ተቀምጧል።»

ቀሚሱን ለበስኩት። ጠበበኝ። ስፌቱን ፈትቼ ትርፉን በግራም በቀኝም ለቅቄ መልሼ ሰፋሁት። ልክ ሆነ።

ስለዚህ አባዬ፣ ይህን ጽሑፍ ለሚኒ ሚዲያው ከመስጠቴ በፊት ጠረጴዛህ ላይ ያስቀመጥኩልህ አንተ ቀድመህ እንድታነበው ነው። ስልሳ በአርባ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከነመስመሩ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ኮምፒውተር አይሳሳትም ያልኩት እኔ ነኝ። በእርሳቸው ላይ ስትጮህ ከጎናቸው ቆሜ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። ሰርተፍኬቱን ከግድግዳው ላይ ማውረድ ከፈለግህ መብትህ ነው።

ድምፅህን ከፍ ከማድረግህ በፊት ግን አንድ ነገር አስብ። የናዝሬት አውቶቡስ በየቀኑ ይመላለሳል፤ ረዳቱም አሁን ወዳጄ ሆኗል። እዚያ ደግሞ የወገብህን ልክ የሚያውቁ ሰው አሉ፤ የሰርግህን ጊዜም፣ የዛሬውንም።